ዊሊያም ፋር

ዊሊያም ፋር (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 30 ቀን 1807 – ኤፕሪል 14 ቀን 1883) እንግሊዛዊ ሐኪምና የስታቲስቲክስ ሊቅ ነበር። በይበልጥ የሚታወቀው በእንግሊዝና በዌልስ የሞት መዝገቦች ላይ በልዩ ልዩ አጠራር ይጻፉ የነበሩትን የሞት ምክንያቶች በአንድ ወጥ ዝርዝር ሥር እንዲመደቡና እንዲቆጠሩ በማድረጉ ነው። ይህ ሥራው ዛሬ በመላው ዓለም የሚሠራበት ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ ከተነሣባቸው መሠረቶች አንዱ ነው። በጤና ምርምር ውስጥ በቃል የተነገረን ወይም በጽሑፍ የሰፈረን መረጃ በ«ኮድ መዝገብ» እየለዩ ለመተንተንም ቀደምት ምሳሌ ሆኖ ይታያል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ፋር የተወለደው በምዕራብ እንግሊዝ፣ በሽሮፕሽየር አውራጃ፣ ኬንሊ በምትባል የገጠር መንደር ነው። ወላጆቹ ድሆች ስለነበሩ ያሳደገው ጆሴፍ ፕራይስ የተባለ የአካባቢው ባለርስት ነው። ፕራይስ በ1828 ሲሞት ለፋር 500 ፓውንድ ተወለት። ወጣቱ ሕክምና ለመማር የቻለውም በዚህ ገንዘብ ነው።

በ1829 ወደ ፓሪስ ሄደ። በዚያን ጊዜ በፓሪስ ሆስፒታሎች እንደ ፒየር ሉዊ ያሉ ሐኪሞች አንድ ሕክምና መጥቀሙን በግምት ሳይሆን በሽተኞችን በመቁጠር ለማወቅ ይጥሩ ነበር። ፋር ወደ ለንደን ተመልሶ ትምህርቱን ከቀጠለ በኋላ በ1832 መድኃኒት አዘጋጅቶ የማከም ፈቃድ አገኘ። ይሁን እንጂ በሐኪምነቱ ብዙ አልተሳካለትም። ኑሮውን የሚደግፈው ለሕክምና መጽሔቶች በመጻፍ ነበር። በ1833 ያገባት የመጀመሪያ ሚስቱም በ1837 በሳንባ ነቀርሳ ሞተችበት። በ1842 ሁለተኛ ጋብቻ ፈጽሞ ልጆች አፍርቷል።

በዚያው በ1837 ማክኩሎክ የተባለ የምጣኔ ሀብት ጸሐፊ ባዘጋጀው መጽሐፍ ውስጥ ፋር ስለ ወሳኝ ኩነት ስታቲስቲክስ፣ ማለትም ስለ ልደት፣ ሕመምና ሞት ቁጥሮች፣ አንድ ምዕራፍ ጻፈ። ይህ ምዕራፍ ስሙን አስጠራው፤ የመንግሥት ሥራ ለማግኘትም መንገድ ከፈተለት።

በምዝገባ መሥሪያ ቤት

በ1836 የወጣው ሕግ በእንግሊዝና በዌልስ ልደት፣ ጋብቻና ሞት ሁሉ በመንግሥት መዝገብ እንዲሰፍር አዘዘ። ምዝገባው የተጀመረው ጁላይ 1 ቀን 1837 ነው። ከዚያ በፊት የቀብርና የክርስትና መዝገብ የሚይዙት አጥቢያዎች ነበሩ። በለንደንም የየሳምንቱ የሟቾች ዝርዝር ለብዙ ዘመን ሲታተም ኖሯል። ነጋዴው ጆን ግራንት በ1662 ያሳተመው ጥናት የተመሠረተው በእነዚህ ዝርዝሮች ላይ ነው። ይሁንና የአገሩን ሕዝብ በሙሉ በአንድ ሥርዓት የሚመዘግብ መሥሪያ ቤት ከ1837 በፊት አልነበረም።

ፋር በ1830ዎቹ መጨረሻ በዚህ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ማጠቃለያ አዘጋጅ ሆኖ ተቀጠረ። እስከ 1880 ድረስ 40 ዓመት ያህል በዚያው አገለገለ። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች በየዓመቱ ለፓርላማ በሚያቀርቡት ሪፖርት ላይ የፋር ጽሑፍ በደብዳቤ መልክ ተያይዞ ይወጣ ነበር። ሰው በስፋት የሚያነበውም ያንን ክፍል ነበር።

የቃላቱ ችግር

ፋር ሥራ ሲጀምር ከየአውራጃው የሚመጡት መዝገቦች ለቆጠራ አይመቹም ነበር። መዝጋቢው የሚጽፈው አብዛኛውን ጊዜ የሟቹ ቤተሰብ የነገረውን ነው። አንዱ በሽታውን ይናገራል፤ ሌላው የሰውነት እብጠት ወይም መንዘፍዘፍ እያለ ምልክቱን ብቻ ያነሣል። እርጅና ወይም ድንገተኛ ሞት ብሎ የሚያልፍም ነበር። ሐኪሞችም ቢሆኑ አይስማሙም። አንድ በሽታ ሦስትና አራት ስም ሲኖረው፣ አንድ ስም ደግሞ ለብዙ በሽታዎች ያገለግላል። መነሻው በሽታ ቀርቶ በኋላ የተከተለው ችግር ብቻ የሚጻፍበት ጊዜም ብዙ ነው።

በዚህ ሁኔታ መቁጠር ትርጉም አይኖረውም። በአንድ ከተማ በአንድ ስም የተጠራው በሽታ በሌላው ከተማ በሌላ ስም ከተጻፈ፣ የሁለቱ ከተሞች ቁጥር ቢለያይ ልዩነቱ የበሽታው ይሁን የስሙ አይታወቅም። ስለዚህ ፋር በ1839 በወጣው የመጀመሪያው ዓመታዊ ሪፖርት ላይ ወጥ የሆነ የበሽታ ስም ለሞት ጥናት የሚኖረው አስፈላጊነት ሚዛንና መለኪያ ለፊዚክስ ካላቸው እንደማያንስ አስረዳ። ከዚህም ጋር የራሱን የምደባ ዝርዝር አቀረበ።

የፋር ዝርዝር አሠራር

የፋር ምደባ ሞቶችን በመጀመሪያ በሰፊ ክፍሎች ይለያል። ወረርሽኝ የሆኑና የሚተላለፉ በሽታዎች በአንድ ወገን ይሆናሉ። በየሰዉ ላይ በተናጠል የሚደርሱ በሽታዎች በተጠቃው የሰውነት ክፍል ተለይተው ይደረደራሉ። በአደጋ፣ በግድያና ራስን በማጥፋት የሚደርሱ ሞቶች ደግሞ ለብቻቸው ናቸው። በየክፍሉ ሥር ዝርዝር ርእሶች አሉ። ፈንጣጣ፣ ኩፍኝ፣ ትክትክ፣ ተስቦና ኮሌራ ለምሳሌ በመጀመሪያው ክፍል ይገኛሉ።

ዝርዝሩ የተሠራው በሽታን በፍልስፍና ለመከፋፈል ሳይሆን ለጤና ጥበቃ ሥራ እንዲጠቅም ነው። ወረርሽኞችን ከሌላው ለይቶ ማስቀደሙም ከዚህ የመጣ ነው፤ አንድ ከተማ ጤናማ ነው አይደለም የሚለውን በይበልጥ የሚያሳዩት እነሱ ናቸው ብሎ ያምን ነበርና። በ1840ዎቹ መጀመሪያ ዝርዝሩን አሻሽሎ ለዚህ ክፍል «ዛይሞቲክ» የሚል ስም ሰጠ። ቃሉ እርሾ ከሚለው የግሪክ ቃል የወጣ ነው። እርሾ ሊጡን እንደሚያቦካ ሁሉ እነዚህም በሽታዎች ወደ ደም በገባ ነገር እንደሚነሡ ይገምት ነበር።

ዝርዝሩን ማተም ብቻ በቂ አልነበረም። በ1845 መሥሪያ ቤቱ ለሐኪሞች የሞት ምክንያት መሙያ ቅጽ ከተሻሻለው ዝርዝር ጋር አከፋፈለ። ዓላማው ሐኪሙ መጀመሪያውኑ አንድ ዓይነት ቃል እንዲጠቀም ነበር። የሞትን ምክንያት በጽሑፍ ማረጋገጥ በሐኪሞች ላይ በሕግ ግዴታ የሆነው ግን በ1874 ነው።

የረሃብ ክርክር

የሞት ምክንያት ዝርዝር የፖለቲካ ጉዳይም መሆኑ የታየው ገና ከጅምሩ ነው። ፋር በመጀመሪያው ሪፖርት በ1837 ሁለተኛ አጋማሽ ከተመዘገቡት ሞቶች ውስጥ 63ቱን በረሃብ ሥር መደበ። ከ63ቱ ሌላ ችግርና የምግብ እጦት በበሽታ በኩል የሚገድሏቸው እጅግ ብዙ እንደሆኑም አመለከተ።

ይህ ቁጥር በተለይ ኤድዊን ቻድዊክን አስቆጣ። ቻድዊክ በ1834 የወጣውን አዲሱን የድሆች ሕግ የሚያስፈጽመው ኮሚሽን ጸሐፊ ነበር። ሕጉ ለድሆች የሚሰጠውን እርዳታ በመቀነሱና ተረጂውን ወደ ሥራ ቤቶች እንዲገባ በማስገደዱ ብርቱ ተቃውሞ ነበረበት። በመንግሥት ሪፖርት ላይ ሰዎች በረሃብ እንደሚሞቱ መጻፉ ሕጉን የሚያሳጣ ሆነ። ቻድዊክ ሞቶቹ በረሃብ ሥር መግባት አልነበረባቸውም ብሎ የእያንዳንዱን ጉዳይ ዝርዝር ጠየቀ። ፋርም አቋሙን ይዞ ተከራከረ።

የክርክሩ ፍሬ ነገር አንድ የጥናት ጥያቄ ነው። ምግብ አጥቶ የደከመ ሰው በተስቦ ቢሞት የሞቱ ምክንያት ምን ተብሎ ይጻፋል? ተስቦ ከተባለ መፍትሔው ንጽሕናና የቆሻሻ ማስወገጃ ቦይ ነው። ረሃብ ከተባለ ግን ደመወዝ፣ ዳቦና የድሆች እርዳታ ይነሣሉ። አንድን ታሪክ ከሁለቱ ርእሶች በአንዱ ሥር ማስገባት ማን ተጠያቂ እንደሚሆን ይወስናል። ቻድዊክ በኋላ በ1842 ባወጣው የታወቀ ሪፖርት ትኩረቱን በቆሻሻና በፍሳሽ ላይ አድርጓል። በፋር ዝርዝር ውስጥ ግን የምግብ እጦት ቦታውን አላጣም። በ1850ዎቹ በተሻሻለው ምደባ ከአመጋገብ ጋር በተያያዙ ሞቶች ሥር የምግብ እጦትና የእናት ጡት ወተት ማጣት የየራሳቸው ርእስ ነበራቸው።

ኮሌራና የፋር ስሕተት

ፋር እንደ ዘመኑ ሐኪሞች ሁሉ ኮሌራ ከብስባሽ በሚነሣ መጥፎ አየር ይመጣል ብሎ ያምን ነበር። በ1848 እና በ1849 በእንግሊዝና በዌልስ ከ53 ሺህ በላይ ሰዎች በኮሌራ አለቁ። ፋር በ1852 ባወጣው ሰፊ ጥናት የለንደንን ሞት በሰፈሮቹ ከፍታ መሠረት አሰላ። ከቴምዝ ወንዝ ዳር ባሉ ዝቅተኛ ሰፈሮች ሞቱ የበዛ፣ ከፍ ባሉት ደግሞ ያነሰ ሆኖ አገኘው። ይህም ክፉ አየር ከወንዙ ዳር ይነሣል የሚለውን እምነቱን አጠናከረለት። ቁጥሩ ልክ ነበር፤ ትርጓሜው ግን ተሳስቷል። በዝቅተኛ ሰፈሮች የሚኖሩት ብዙዎቹ የሚጠጡት በቆሻሻ የተበከለ የቴምዝ ውኃ ነበር።

ሐኪሙ ጆን ስኖው በሽታው በውኃ እንደሚተላለፍ ያስተምር ነበር። በ1854 ወረርሽኙ ሲመለስ በደቡብ ለንደን ሁለት የውኃ ድርጅቶች ቧንቧዎቻቸውን በተመሳሳይ መንገዶች ዘርግተው ነበር። ላምቤዝ የተባለው በ1852 የውኃ መቅጃውን ከከተማው በላይ ወዳለው የወንዙ ክፍል አዛውሯል። ሳውዝዋርክና ቮክስሆል የተባለው ግን ከከተማው ውስጥ መቅዳቱን ቀጥሏል። ስኖው የሟቾችን አድራሻ ያገኘው ከፋር መሥሪያ ቤት ነው። ፋርም በኋላ መዝጋቢዎች ሰው የሞተበት ቤት ውኃ ከየትኛው ድርጅት እንደሚያገኝ አብረው እንዲጽፉ አደረገ።

በወረርሽኙ የመጀመሪያ ሰባት ሳምንታት ከሳውዝዋርክና ቮክስሆል ውኃ በሚያገኙ ቤቶች በየ10,000 ቤቱ 315 ሰዎች ሲሞቱ፣ በላምቤዝ ደንበኞች ዘንድ የሞቱት 37 ነበሩ። ፋር ወዲያውኑ ሐሳቡን ባይለውጥም መረጃውን አልደበቀም፤ ለተቃራኒውም አስተያየት አሳልፎ ሰጠ።

በ1866 ኮሌራ ምሥራቅ ለንደንን ሲመታ ፋር የየሳምንቱን ሞት እየተከታተለ በአንድ የውኃ ድርጅት ክልል ውስጥ እንደተከማቸ አየ። ድርጅቱ የሚያቀርበው ውኃ ሁሉ የተጣራ ነው ብሎ ተከራከረ። ነገር ግን በደንበኞች ቧንቧ ውስጥ እባብ መሰል ዓሣዎች መገኘታቸው ያልተጣራ ውኃ እንደሚገባ አጋለጠ። በ1868 ባወጣው ሪፖርት ፋር ውኃ የበሽታው ዋና ማስተላለፊያ መሆኑን ደገፈ። ስኖው ግን ከአሥር ዓመት በፊት ሞቶ ነበር።

ከፍሎረንስ ናይቲንጌል ጋር

ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1856 ከክራይሚያ ጦርነት ከተመለሰች በኋላ ፋር የወታደሮቹን ሞት በመተንተን ረዳት። በ1858 ያወጣቻቸው የታወቁ ሥዕላዊ ሰንጠረዦች ሞቶችን በሦስት ቀለም ይለያሉ፤ ሊከላከሏቸው በሚቻሉ ዛይሞቲክ በሽታዎች፣ በቁስልና በሌሎች ምክንያቶች የሞቱ። የመጀመሪያው ክፍል ከፋር ዝርዝር የተወሰደ ነው። ሥዕሉ እንዳሳየው ከጠላት ጥይት ይልቅ ብዙ ወታደር የገደለው በሽታ ነው። በበሽታ የሞቱት በአንድ ርእስ ባይሰበሰቡ ኖሮ ይህ እንዲህ ጎልቶ አይታይም ነበር።

ፋር ለሲቪሉ ሕዝብም ተመሳሳይ መለኪያ አበጅቷል። ጤናማ ናቸው የተባሉ አውራጃዎችን መርጦ በዓመት ከ1,000 ሰው 17 ሞትን እንደ ማነጻጸሪያ ወሰደ። ከዚያ በላይ የሚሞተውን ሊቀር ይችል የነበረ ሞት አድርጎ ይቆጥረው ነበር። የሞት ሰንጠረዦችን በማዘጋጀትና በ1851፣ በ1861 እና በ1871 በተካሄዱት የሕዝብ ቆጠራዎችም ትልቅ ድርሻ ነበረው።

ዓለም አቀፍ ዝርዝር

በ1853 በብራስልስ የተሰበሰበው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የስታቲስቲክስ ጉባኤ ለሁሉም አገሮች የሚሆን የሞት ምክንያት ዝርዝር እንዲያዘጋጁ ፋርንና የጄኔቫውን ሐኪም ማርክ ዴስፒንን ጠየቀ። በ1855 በፓሪስ ሁለቱ የተለያየ ዝርዝር ይዘው ቀረቡ። ዴስፒን በሽታዎችን የለየው በጠባያቸው ነው። ፋር በበኩሉ አምስት ክፍል አደረጋቸው፤ ወረርሽኞች፣ መላ ሰውነትን የሚይዙ፣ በአካል ክፍል የሚለዩ፣ ከእድገት ጋር የተያያዙና በጉዳት የሚመጡ። ጉባኤው ሁለቱን አስታርቆ 139 ርእሶች ያሉት ዝርዝር ተቀበለ።

ዝርዝሩ በሁሉም አገር ተቀባይነት ባያገኝም በ1864 የፋርን ሐሳብ ተከትሎ ተሻሻለ። በ1893 ፈረንሳዊው ዣክ ቤርቲዮን በቺካጎ ያቀረበው ዝርዝር የፋርን አደረጃጀት፣ በተለይም በአካል ክፍል መለየትን፣ ይዞ ቀጠለ። ከእሱ የተወለደውን ዓለም አቀፍ ምደባ የዓለም ጤና ድርጅት በ1948 ተረከበው። አሥራ አንደኛው እትም በ2019 ጸድቆ በ2022 ሥራ ላይ ውሏል።

ከኮድ መዝገብ ጋር ያለው ዝምድና

በዛሬው የጤና ምርምር ተመራማሪዎች ከበሽተኞች፣ ከአዋላጆች ወይም ከሟች ቤተሰብ ጋር ያደረጉትን ቃለ መጠይቅ በኮድ ይለያሉ። የኮድ መዝገብ የሚባለው የእያንዳንዱን ኮድ ስም፣ ትርጉም፣ ምን እንደሚያካትት፣ ምን እንደማያካትትና አንድ ምሳሌ የያዘ ሰነድ ነው። ሁለት ሰዎች ያንኑ ጽሑፍ ለየብቻ ኮድ ሰጥተው ውጤታቸውን ያመሳክራሉ። ካልተስማሙ ትርጉሙ ይስተካከላል፤ ቀድሞ ኮድ የተሰጠው ጽሑፍም እንደገና ይታያል።

የፋር ሥራ ከዚህ በሁለት ነገር ይለያል። የእሱ ዓላማ መቁጠር ነበር፤ በቃለ መጠይቅ የሚሠራ ጥናት ግን ከቁጥሩ ይልቅ ሰው የነገሩን ትርጉም እንዴት እንደሚረዳው ይፈልጋል። ፋር የሚመድባቸው አጫጭር ቃላት ናቸው፤ ቃለ መጠይቅ ደግሞ ብዙ ገጽ ይሆናል። መሠረቱ ግን አንድ ነው፤ የሰው ንግግር በግልጽ በተጻፈ ደንብ ወደ ርእስ ይገባል፣ ደንቡን ያየ ሌላ ሰው ደግሞ ምደባውን ሊመረምርና ሊቃወም ይችላል። ቻድዊክ በ63ቱ ሞቶች ላይ ሊከራከር የቻለው፣ ስኖውም የፋርን መዝገብ በፋር እምነት ላይ ማስረጃ ያደረገው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለቱ ዘዴዎች በቅርብ የሚገናኙት የሞት የምስክር ወረቀት በሌለባቸው አካባቢዎች ነው። በዚያ ጠያቂዎች ወደ ሐዘን ቤት ሄደው ሟቹ ከመሞቱ በፊት ምን እንደታየበት ቤተሰቡን ይጠይቃሉ። የተነገረው ታሪክ ከዚያ በዓለም አቀፉ ምደባ መሠረት ወደ ሞት ምክንያት ይለወጣል። በኢትዮጵያ በቡታጅራ የጤናና የሕዝብ ጥናት ጣቢያ በዚህ ዘዴ ተሠርቷል።

የመጨረሻ ዓመታትና ትውስታ

ፋር በ1855 የብሪታንያ ሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነ፤ ከ1871 እስከ 1873 የለንደን የስታቲስቲክስ ማኅበር ፕሬዚዳንት ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ጆርጅ ግራም በጡረታ ሲሰናበት ቦታውን ለማግኘት ተስፋ አድርጎ ነበር፤ ሹመቱ ግን ለሰር ብሪጅስ ሄኒከር ተሰጠ። ፋርም በ1880 ሥራውን ለቀቀ። ከሦስት ዓመት በኋላ በ75 ዓመቱ ለንደን ውስጥ አረፈ። ዋና ዋና ጽሑፎቹ በ1885 በአንድ መጽሐፍ ተሰብስበው ታትመዋል።

ተተኪው ዊሊያም ኦግል የፋርን ዝርዝር በ1881 አሻሻለው። የጀርም ሳይንስ እየተስፋፋ ሲሄድ «ዛይሞቲክ» የሚለው ስም ከአገልግሎት ወጣ፤ በሥሩ የነበሩት በሽታዎች ግን በአብዛኛው በተላላፊ በሽታዎች ክፍል ውስጥ ቀጥለዋል። በለንደን የንጽሕና አጠባበቅና የሐሩር ክልል ሕክምና ትምህርት ቤት ሕንፃ ላይ ከተቀረጹት የጤና ሊቃውንት ስሞች አንዱ የፋር ነው። የተከራካሪው የቻድዊክ ስምም በዚያው ሕንፃ ላይ ይገኛል።